የፋናሌ ቴአትር ሦስተኛ ረድፍ

ሚላኖ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1985

ለምትከበሪው፣ ይልቁንም ለምትፈሪው ታላቅ እኅቴ ለእትዬ ሬስቲቱታ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ፣ ከዚህ አገር ጭጋግና ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከእሱ ቀጥሎ የጻፍሽውም ደርሶኛል። ያለ ሰላምታ የጀመርሽው የመጨረሻውም ደርሶኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ስለሆነ ባንድ መልስ ብገላግላቸው ቅር አይበልሽ፦ አዎን፣ መጽሐፉ ታትሟል። «የናፖሊ ቴአትሮች፤ የጎብኚ መሪ» ይባላል። ልባሱ ቀይ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ደራሲው አስፕሬኖ ኢምፕሮታ ነው፤ ይኸውም እኔ፣ አንቺ አፍንጫዬን እየጠረግሽ ያሳደግሽኝ። በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስዊድንኛ ወጥቷል። በእኛ ቋንቋ አልወጣም። አሳታሚው «የናፖሊ ሰው ስለ ናፖሊ ለማወቅ ገንዘብ አይከፍልም፤ ይልቅስ ያስከፍላል» አለኝ።

ለምን አልላክልሽም? ፖስታ ቤቱ አድማ መታ። አድማው ሲያበቃ ካርቶን ጠፋ። ካርቶኑ ሲገኝ ገመድ። ሰሞኑን የላክሁልሽን ሻል የሚያደርስ ፖስታ ቤት መጽሐፉን ማድረስ ምን ገደደው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔንም እያስገረመኝ ነው።

ደግሞስ ላንቺ ምን አዲስ ነገር አለው? ስለ ትልቁ ኦፔራ ቤት ብዙ ገጽ አለ፤ የትኛው ሰገነት ላይ አንገት እንደሚቀጭ፣ በዕረፍት ሰዓት መጠጥ ለመግዛት በየትኛው በር መሮጥ እንደሚሻል። ወይን ጠጅ ቀለም ለብሶ ቴአትር መግባት በእኛ ዘንድ ተዋናይን በቁሙ መቅበር መሆኑንም አስጠንቅቄያለሁ። ስለ እናንተው ፋናሌ ቴአትር ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ቦታ ጠበበኝ። ስላንቺማ ምን ተብሎ ይጻፋል? ከመድረኩ ግንባር ባለችው ጉድጓድ ተቀምጠሽ ለባለ ቴአትሩ ተዋናይ ለዶን ሊቦርዮ አፍ ቃል ስታጎርሺ ዕድሜሽን ፈጅተሻል፤ አንድ ተመልካች ግን «የአስታዋሿን ድምፅ ሰማሁ» ብሎ አያውቅም። ይህን አንቺው ራስሽ በየገናው፣ ዓሣው ከገበታ ሳይነሳ ትነግሪናለሽ። ድምፁ የማይሰማ ሰው መጽሐፍ ላይ አይወጣም፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ሻሉን ልበሺና አስቢኝ።

ታናሽ ወንድምሽ አስፕሬኖ


ናፖሊ፣ የሙታን ቀን ማግስት

አስፕሬኖ፣ የእናቴ ልጅ፤

ሻሉ ደርሷል። ወይን ጠጅ ነው። ለስዊድን ሰው የምትለግሰውን ምክር ለእኅትህ ነፈግሃት? ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ስፈታው ዶን ሊቦርዮ አየና፣ የናፖሊ ወንድ ክፉ ነገር ሲያይ እጁን የሚሰድበት ቦታ እጁን ሰዶ «አውጪልኝ! ሴትዮ፣ ከቴአትሬ አውጪልኝ! ጣራው ሊደረመስብን ነው!» ብሎ ቤቱን አተራመሰው። ለካርሞዚና ሰጠኋት። ትኬት ሻጭ ስለሆነች በመሀላችን መስታወት አለ።

አሁን ወደ ነገራችን። ፈረንጆች እየመጡብን ነው። (እኛስ ምንድን ነን አትበለኝ፤ ከሮማ ወዲያ ያለ ሁሉ ለእኔ ፈረንጅ ነው።) ሁሉም ያንተን ቀይ መጽሐፍ ይዘዋል። ካርሞዚና መስኮት ላይ ይሰለፉና ሦስት ጣት ያወጣሉ። ሦስተኛ ረድፍ ስጡን ነው። እንደምታውቀው እዚያ ረድፍ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም፤ ንፋስ ይገባበታል ትላለች ካርሞዚና። የሰፈሩ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ቤቱ ጢም ብሎ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ለእነዚህ ግን ንፋሱን ማን ያስረዳቸው?

ቅዳሜ ዕለት ሦስተኛውን ረድፍ ሞሉት። መጋረጃው ሳይከፈት መሳቅ ጀመሩ። ሲያልቅ አንዷ ረጅም ሴት ወደ መድረኩ መጥታ የጉድጓዴን ክዳን ፎቶ አነሳችው፤ የቅዱስ አጽም ያለበት ይመስል። ከዚያ ወዲህ ዶን ሊቦርዮ ፊቱ እንደ ኮመጠጠ ወይን ሆኗል።

«ካርሞዚና፣ መጽሐፉ ምን ይላል?» አልኳት።

«ጥሩ ነው ይላል።»

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«ሁሉ ነገሩ፣ ዶና ሬስቲቱታ፣ ሁሉ ነገሩ» አለችና ሻሉን አፏ ድረስ ተጠቀለለችበት። የቀረውን አጉተመተመችው። ከአምስት ዓመት በፊቱ ምድር መንቀጥቀጥ ወዲህ የዚህ ከተማ ሰው አፉን መክፈት ፈርቷል ልበል? ዳቦ ጋጋሪው ያጉተመትማል፣ ጎረቤቴ ታጉተመትማለች፣ ሬዲዮኑም ያጉተመትማል። የዶን ሊቦርዮን ከንፈር እያየሁ ባልሠራ ኖሮ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር።

ምን ጻፍክ? አጭር አድርገህ መልስልኝ። ስታስረዝም እንደምትዋሽ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቃለሁ።

እኅትህ


ሚላኖ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1985

የምወድሽና የማከብርሽ እትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የጉድጓዱ እርጥበትስ? ዶን ሊቦርዮስ? የዶን ሊቦርዮ ሚስትስ? የሚስቱ እናትስ አሁንም በሕይወት አሉ? እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ሻሉ ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ ልልሽ ነበር፤ ግን የተከፈተችው ምድር ያንቺ መሥሪያ ቤት ናትና ቦታ አላጣብብሽም። ሻጯ «ሰማያዊ ነው» ብላኛለች። ሚላኖ ውስጥ ሁሉም ነገር በመብራት ሲታይ ሰማያዊ ነው።

ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ በአጭሩ፦ ስለ አዳራሹ የድምፅ ጥራት ጽፌያለሁ። ፋናሌ የተሠራው የድምፅን ጠባይ በሚያውቁ ሰዎች ነው፤ ድምፅ እንደ ውሃ መንገዱን ያውቃል፤ በተለይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚነገረው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህም የሕንፃ ጥበብ ምስጋና ነው፤ የጥንት ግሪኮችም እዚችው ናፖሊ ላይ በነበሩ ጊዜ... (ረዘመብኝ መሰለኝ።)

ያንቺው አስፕሬኖ

ተጨማሪ፦ የሰፈራችን ቄስ አባ ኦኖፍሪዮ ጀርመን አገር እንደተማሩ ድንገት ትዝ አለኝ። አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በማንበብ እንዳታስቸግሪያቸው።


ናፖሊ፣ በቅድስት ቼቺሊያ ዕለት

አስፕሬኖ፤

አባ ኦኖፍሪዮን ስላስታወስከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረስቻቸው ነበር።

አንዱ ጀርመን ረስቶት የሄደውን መጽሐፍ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህ እንኳ ለነፍስ የሚጠቅም ነገር የለውም።»

«አባ፣ ይተርጉሙልኝ።»

እያጉተመተሙ ተረጎሙልኝ። «ጮክ ይበሉ» አልኳቸው። ጮክ አሉ። «አሁንም ጮክ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከጮኽኩ ሰፈሩ ይሰማል» አሉ። «ይስማ!» አልኳቸው። «ሰፈሩማ...» ብለው መስቀላቸውን ያገላብጡ ጀመር። በመጨረሻ በወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ረስተኸው እንደሆነ ያንተን ቃል መልሼ ልላክልህ፦

«ፋናሌ ቴአትር። የሰፈር ኮሜዲ። ጎብኚ ሆይ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ጠይቅ፤ ምንጊዜም ባዶ ነው። እዚያ የተቀመጠ ባንድ ትኬት ሁለት ትርኢት ይሰማል፤ አንዱን ከመድረክ፣ ሌላውን ከመድረክ በታች። ከታች ያለችው ቀድማ ትናገራለች፣ አጥርታም ትናገራለች። ተዋናዩ እሷን ተከትሎ መድገሙ የግድ አይመስልም።»

የሕንፃ ጥበብ ምስጋና!

ስማ። በእኛ ቤት ተዋናይ ቃል አያጠናም፤ አባቱም አላጠናም። ዶን ሊቦርዮ መድረክ ላይ ሲወጣ ባዶ ጆንያ ነው፤ የምሞላው እኔ ነኝ። የሚሰማ አስታዋሽ ደግሞ ሲሰርቅ እንደሚያስነጥስ ሌባ ነው። እንጀራዬም ስሜም ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም፤ ባልም ልጅም አላፈራሁ፤ ያፈራሁት አንተን ነው፤ አንተም ይኸው አፈራህልኝ።

አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፦ እውነት ወይስ ውሸት። እውነት ከሆነ ከጉድጓዴ እወጣለሁ፤ ለማኝ ብሆን ይሻለኛል፣ ለማኝ ቢሰማም አያፍርም። ውሸት ከሆነ ደግሞ መጥተህ በሰው ፊት ዋሸሁ ትላለህ። ሦስተኛ መልስ እንዳትፈልግ።

ሬስቲቱታ


ሚላኖ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1985
(ያልተላከ)

እትዬ፤

ዶን ሊቦርዮም ጽፎልኛል። የጽሕፈቱ ቁጣ ወረቀቱን በስቶታል። «አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ጀመረና፣ ሰርዞ «አንተ ጅል!» አለኝ። ለምን እንደሰረዘው የገባኝ ደብዳቤውን ስጨርስ ነው።

«የሰፈሩ ልጅ አይደለህም? ሙሉ ረድፍ ባዶ ሆኖ ስታይ ምክንያት ይኖረዋል የሚል አንጎል እግዚአብሔር አልሰጠህም? የእኅትህ ጆሮ ከደከመ ዓመታት አለፉ። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው፣ ሹክ አልኩ ብላ እንደ ዓሣ ነጋዴ ትጮኻለች። ድምፁ ከጣራው ተጋጭቶ የሚወርደው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንሸጠውም። የቀረው ተመልካች የሰፈር ሰው ነው፤ እሷ ስትጀምር ሁሉም ይስላል። በጁላይ ሙቀት የሚስል ሕዝብ አይተህ ታውቃለህ? ማንም ለማንም ‹እንዲህ እናድርግ› አላለም። ሁሉም ገባው። ካንተ በቀር።»

እትዬ፣ ባለፈው ጸደይ ሳልነግርሽ ፋናሌ ገብቼ ነበር። ይሉኝታ አንድ ረድፍ ሙሉ ባዶ ወንበር ሆኖ ፊቴ ተዘርግቶ፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። ሳቅኩም። ሰዎች ዘወር እያሉ አዩኝ፤ ቀልድ ገብቶት ነው ብለው ያደነቁኝ መሰለኝ። በባቡር ስመለስ ጻፍኩትና፣ ጽፌም ለራሴ አነበብኩትና፣ እንደገና ሳቅኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ራስ ድሮም ተመልጧል፣ ምን ቀረኝ?

እውነት ነው ብዬ ልጽፍልሽ እችላለሁ?


ሚላኖ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1985

እትዬ፤

ውሸት ነው።

በዚህ ዓመት ፋናሌ አልገባሁም። ገጹ ስላልሞላልኝ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩት። ዋሽቻለሁ ብዬ ለአሳታሚዬም ነግሬዋለሁ። እሱም «ሌላውስ ገጽ?» አለኝ፤ ከእንግዲህ የጻፍኩትን አንድም ነገር አያምነኝም። ይገባኛል። ባልሽው ቀን መጥቼ በሰው ፊት እናገራለሁ።

አስፕሬኖ


ናፖሊ፣ በቅድስት ሉቺያ ዕለት

የእናቴ ልጅ፤

ውሸታም መሆንህን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ከደብዳቤዎችህ ሁሉ ያልረዘመው እሱ ብቻ ነው።

የገና ማግስት፣ ዲሴምበር 26፣ በቅዱስ ስጢፋኖስ ዕለት፣ «ቁም ሳጥኑ» የሚለውን አሮጌውን ኮሜዲ እናወጣለን። በልጅነትህ ቀሚሴ ሥር ተሸሽገህ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከእኔ ጋር የሰማኸው። ሦስተኛው ረድፍ መሀል ላይ ትቀመጣለህ። ሲያልቅ ተነስተህ «ከመድረክ በታች አንዳች ድምፅ አልሰማሁም፤ መጽሐፉ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው» ትላለህ። በቃ። ከዚያ ቤት መጥተህ ዓሣህን ትበላለህ።

ይህን ለዶን ሊቦርዮ ብነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያ ረድፍ ተሰብሯል» አለ። ሄጄ ነቀነቅኩት፤ ደህና ነው። በማግስቱ ካርሞዚና «ቀለሙ አልደረቀም» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። በጣቴ ብነካው አቧራ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ መንገድ ላይ ይዞኝ «ያ ወንድምሽ ባይመጣ ምን አለ? የገና ሰሞን ባቡሩ ይጨናነቃል» ይለኛል። እሱን ምን አገባው? ነገሩ ሁሉ ግራ ገባኝ።

ያንን ደረቅ የሚላኖ ዳቦ ይዘህ እንዳትመጣ።

ሬስቲቱታ


በባቡር ውስጥ፣ ዲሴምበር 27

እትዬ፤

ሳልሰናበትሽ ወጣሁ። በጓሮ በር። ዓሣውንም አልበላሁ፤ የትኛው አፌ ይበላዋል?

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እምላለሁ፣ «ምንም አልሰማሁም» ልል ነበር የመጣሁት፤ ልምምድ ሳደርግ ነው የሰነበትኩት። አንቺ ስትጮኺ ላልሰማ፣ ሰፈሩም ሊስል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጉሮሮ ሲጠርጉ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ዝም አልሽ። አንድም ቃል! ዶን ሊቦርዮ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የሚስቱን ውሽማ አገኘ፣ አፉንም ከፈተ፣ አፉም ባዶ ሆነ። ጉድጓዱን አየ። ላቡ ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ኧረ እመቤቴ!» አለች። ሰው ሲሰምጥ ቆሞ የሚያይ አለ?

ተነስቼ ቆምኩ። «ሚስቴን ውሰዳት፤ ቁም ሳጥኑን ግን ተውልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። እሱም ደገመው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ የሚቀጥለውን። መጋረጃው እስኪዘጋ አልተቀመጥኩም። መጽሐፉን ይዘው የመጡት ስዊድኖች ቆመው አጨበጨቡልኝ። ምንም አልሰማሁም ልል መጥቼ ሁሉም እኔን ሰማኝ። እንዲህ ያለ ውርደት ተዋናይ እንኳ አይችለው።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ለምን ዝም አልሽ?

አስፕሬኖ


ናፖሊ፣ በጥምቀት ማግስት፣ ጃንዋሪ 7

አስፕሬኖ፣ የምወድህ፤

ለጠየቅኸኝ መልስ። ከአባ ኦኖፍሪዮ ቤት የተመለስኩ ዕለት የማንቂያ ሰዓቱን ሞልቼ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል። ድምፅ ግን የለውም። በሌላው ጆሮዬ ሞከርኩ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ከተማው ለምን እንደሚያጉተመትም፣ ሦስተኛው ረድፍ ለምን ንፋስ እንደሚገባበት፣ ሰዉ በበጋ ለምን እንደሚስል አንድ ባንድ ገባኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። በመጮኼ አይደለም። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዘመን ስለ እኔ ሲስል፣ እኔ «የመንደርተኛ ሳንባ!» እያልኩ በሆዴ ስሰድባቸው በመኖሬ ነው።

«እውነት ወይስ ውሸት» ብዬ ስጽፍልህ አውቅ ነበር ማለት ነው። የጠየቅኩህ መልሱን ፈልጌ አልነበረም፤ አንተን ፈልጌ ነው። እውነት ብለህ ብትጽፍልኝ በሕይወቴ ይቅር አልልህም። ውሸት ብለህ ስትጽፍልኝ፣ በዚያች አጭር ወረቀት ስምህን ስታቃጥልልኝ፣ አለቀስኩ። ስለዚህ ውሸትህን እውነት ላደርግልህ ወሰንኩ። ጉድጓዴ ገብቼ አፌን ጨምድጄ ያዝኩት፤ ምንም አልሰማሁም ስትል ቢያንስ አንድ ቀን እውነት እንድትናገር።

ሊቦርዮን ረሳሁት! ያ ባዶ ጆንያ ዓይኑን አፍጥጦብኝ ይቃትታል። ልናገር ስል ድንገት ፊቱ በራ፤ ከንፈሩ ስለ ቁም ሳጥኑ የሚለውን ቃል ያዘ። እኔ ነኝ እንዴ የተናገርኩት ብዬ አፌን በእጄ ነካሁት። ዝግ ነው። ጀርባዬ ለእናንተ ነውና አላየሁህም። በኋላ ነገሩኝ፤ ድምፅህ ቁርጥ የእኔን ይመስላል አሉ፤ ጮክ ብለህ ነበር አሉ። እኔ አልሰማሁህም፣ የእናቴ ልጅ። ይህን ያልኩት ላንተ ብቻ ነው።

ለእነሱ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አልኳቸው። ጉሮሮዬን በማመሙ ሰፈሩ እንዴት ደስ እንዳለው! ማር ያልላከ የለም። ካርሞዚና በሻሉ ጠቅልላ አመጣች፤ ደፍ ላይ አስቆምኳት። ዶን ሊቦርዮ እጄን ይዞ፣ ከንፈሩን በደንብ እያንቀሳቀሰ፣ «ዶና ሬስቲቱታ፣ ወደ ጉድጓድሽ ተመለሺ፤ የሚላኖው ደራሲ ዋጋው ውድ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ሹክ ማለቴን ቀጥያለሁ፤ እነሱም መሳላቸውን ቀጥለዋል፤ ጭንቅላታቸው ሲወዛወዝ መድረኩ ላይ በተሰቀለው መስታወት አየሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንደማውቅ ብትነግርብኝ አንላቀቅም፤ ሰዎቹ ብዙ የደከሙበት ነገር ነው፣ ማፍረስ ነውር ነው።

አንተ ግን የመጽሐፉን ነገር አስተካክል። ለፋሲካም ና፤ ግድግዳ ተደግፈህ ትቆማለህ።

እኅትህ ቱታ


ሚላኖ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1986

እትዬ ቱታ፤

አሳታሚው ሰውዬ ቢያንስ አንዲት ገጽ እንዳርም ፈቅዶልኛል፤ ካሳፈርኩት ሁሉ ይህች ትንሿ ናት አለ። በአራቱም ቋንቋ እንዲህ ትወጣለች። ለአባ ኦኖፍሪዮ አሳዪያቸው፤ ዓይናቸው ደህና ነው።

«ፋናሌ ቴአትር። የሰፈር ኮሜዲ፤ ቅዳሜና እሑድ። ወይን ጠጅ አትልበሱ። ሰዉ ሲስል አብራችሁ ሳሉ። ሦስተኛው ረድፍ አይሸጥም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁ፤ ተቀምጦበት ያፈረ ሰው አለ።»